የፖል አያቶች

ለእታለም ወሰንየለሽ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ያ ደረጃ በወጣሽ ቁጥር የሚንቋቋው? የጭላሎ ብርድ ገብቷል አሉ፤ ጋቢሽን ደርበሻል ወይስ እንደ ልማድሽ ለልጆቹ አልብሰሽ አንቺ በነጠላ ትንዘፈዘፊያለሽ? እናታችንስ ዓይኗ ለቀቅ አደረጋት? ጎረቤቱ፣ ዕድሩ፣ ያ ከአጥሩ ጋር የተጣላው በሬያችሁ ሁሉ ደኅና ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። እዚህ ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ ይበስላል፤ እኔም ገና ጥሬ ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም ችግር የለብኝም ብዬ ልጽፍልሽ አስቤ ነበር፤ ደብዳቤው በጣም አጭር ሆነብኝ።

ባለፈው በስልክ ለመሆኑ እዚያ የምታስተምረው ነገር ለምን ይጠቅማል፣ ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል ስትዪኝ ኔትወርኩ ተቆረጠ። ኔትወርኩ አልተቆረጠም እታለም፤ የዘጋሁት እኔ ነኝ። መልሱ ጠፍቶብኝ ነው። ጫኔ ለገና ወደ አገር ስለሚገባ ይህን በእጁ ልኬልሻለሁ። ወረቀት አንዴ ከተከፈተ አይዘጋም።

እዚህ ጁባ ያለው ሐበሻ ሥራው በዓይን ይታያል። ሶሊ ሆቴል አለው፤ ጫኔ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ውስጥ የሞተር መለዋወጫ ይሸጣል። እኔ ደግሞ በአንድ ትንሽ የማኅበረሰብ ኮሌጅ የኪነ ጥበብና የሰብአዊ ጥናት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ሶሊ ይህን ስም በሰማ ቁጥር በኪሎ ነው በሊትር የምትሸጡት ይለኛል። ክፍሉ ማለት ሦስት ሰው፣ አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤትና ዝናብ ሲጥል የሚቋረጥ ትምህርት ነው። እኔ ሥነ ጽሑፍ፣ ሬቤካ ሙዚቃ፣ ዊዩአል ታሪክ እናስተምራለን። ዊዩአል ኑዌር ነው፤ ያደገው ጋምቤላ ስለሆነ አማርኛው ከኔ አያንስም፤ ስድብ ላይ እንዲያውም ይበልጠኛል።

አንቺ የጠየቅሽኝን በዚያው ሰሞን ዲናችንም ጠየቀኝ። ተማክራችሁ አይደለም ብዬ አምናለሁ። ኮሌጁን የሚረዳ ድርጅት ሰው ልኮ ሊያየን ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ግቡን ጽፎ ያቅርብ፣ ግቡም የሚለካ ይሁን፣ ግቡን ያልመታ ክፍል ሰሚስተሩ ሲያልቅ ይዘጋል ተባለ። የኤሌክትሪክ ክፍል አምፖል አብርቶ ተገላገለ። ስፌቶች ሱሪ ሰቀሉ። እኛ ከግቢያችን ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ተፋጠጥን። ተማሪው የሌላውን ሰው ሐዘን እንዲረዳ ብዬ ጽፌ ብወስድለት ዲኑ በምን ትለካዋለህ አለኝ። ሬቤካ በእንባ አለች። በሊትር መሆኑ ነው፤ ሶሊ ልክ ነበር።

መላውን ያመጣው ዊዩአል ነው። በነሱ ዘንድ ልጅ አያቶቹን መቁጠር የሚለምደው ከብት ከመቁጠሩ በፊት ነው። እኛም አገር ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥራለን ብዬ ብነግረው፣ ሰባትማ ጡት ላልጣለ ሕፃን ነው፣ ለሐበሻ ስንል ግን ይሁን አለ። ግባችን እንዲህ ተጻፈ፤ ተማሪው ከጎኑ የተቀመጠውን የጓደኛውን አያቶች እስከ ሰባተኛው ድረስ ቆሞ ይቆጥራል። የራሱን አይደለም፣ የጎረቤቱን። ዊዩአል ደግሞ ከአንድ ወገን የሆኑ ሁለት ልጆች ጎን ለጎን እንዳይውሉ አድርጎ ደለደላቸው። አያትህ ማን ይባላል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሁልጊዜ ለደግ አይጠይቅም፤ ይህን ለማወቅ ጁባ መምጣት አያስፈልግሽም። ልጆቹ አንዴ እንኳ ለደግ ይጠየቁ ነው ነገሩ። ዲኑ ሰባት የምትለዋን ሲያይ ፊቱ በራ። ቁጥር ናት።

ከዚያ በኋላ ግቢያችን የሙታን ስም ብቻ ሆነ። የዲንካው ልጅ የአዛንዴዋን ቅድመ አያት እየጠራ ውሃ ይቀዳል። አንዱ ተማሪ፣ ኡስታዝ፣ መምህር ማለታቸው ነው፣ የዚህ ልጅ አምስተኛ አያት ስሙ ረዘመብኝ፣ ማሳጠር ይቻላል ወይ ብሎኝ፣ የስሙን ባለቤት አስፈቅድ አልኩት።

የድርጅቱ ሰው መጣ። ትሑት ልጅ ነው፤ ብዙ ኪስ ያለው ሰደርያ ለብሷል። ልጆቹ በየተራ እየተነሱ ቆጠሩ። ፕሪሲላ ተነሥታ የግሎሪያን ቆጠረች። ግሎሪያ ከባሪ ጎሣ ናት፣ እዚሁ ዓባይ ዳር ያለችው የረጃፍ ዓሣ አጥማጆች ልጅ። ዋኒ፣ ላዶ፣ ፒትያ እያለች ፕሪሲላ እስከ ሰባተኛው አደረሰቻት። ቀጥሎ ግሎሪያ የፖልን ልትቆጥር ተነሣች።

ፖል ኑዌር ነው፤ በስደተኛ ካምፕ ያለ ወላጅ ነው ያደገው። የአባቱንና የአያቱን ስም ያውቃል። ከዚያ በላይ ያለውን ሊነግሩት ይችሉ የነበሩት ሰዎች መንገድ ላይ ቀርተዋል። ይህን እኔ አላውቅም ነበር፤ እሱም ነውር መስሎት ለኛ አልተነፈሰም። ግሎሪያ ፖል የጋትሉዋክ ልጅ፣ ጋትሉዋክ የቾል ልጅ አለችና ቆመች። ፖል ጫማውን ያያል። ከዚያ ራሷን ቀና አድርጋ ቾል የዋኒ ልጅ፣ ዋኒ የላዶ ልጅ፣ ላዶ የፒትያ ልጅ እያለች ቀጠለች። የራሷን አያቶች፣ ያንኑ ፕሪሲላ አሁን የጠራቻቸውን፣ አንድ በአንድ ሰጠችው። የኑዌሩ ልጅ የዘር ሐረግ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ የረጃፍ ጀልባ ላይ ወጣ።

ጠመኔ ሲወድቅ እንኳ የሚንከተከት ክፍል ነው፤ አንድም ሰው አልሳቀም። እንግዳው ፎቶ ያነሣ ስለነበር የስሞቹን መደገም አላስተዋለም። ወደ ዊዩአል ዞሮ ትክክል ነው ወይ አለው። በአንድ ዓመተ ምሕረት ስህተት ሳምንት የሚያኮርፈኝ ዊዩአል፣ ዓይኑን ሳያርገበግብ አንድም ግድፈት የለበትም አለ።

እንግዳው በጣም ቆንጆ ነው አለን። ችግሩ፣ የሚያረጋግጥ ሰነድ አላችሁ ወይ? የሙታኑ? አልኩት። ሰነድ የለንም። ስለዚህ ሊረጋገጥ ያልቻለ ብሎ ጻፈብን። ያየሁትን ልነግረው ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር፤ እኔ ስጽፈው በምን ትለካዋለህ የተባልኩት ነገር እኮ ፊት ለፊቱ ቆሞ ተቆጥሯል። ግን ብነግረው ልጅቷ አጭበረበረች ማለት ነው። ባልነግረው ምንም አልተፈጠረም ማለት ነው። ሁለቱንም መዘንኩና ውሃ ጋበዝኩት።

ክፍላችን በሰሚስተሩ ማብቂያ ይዘጋል። ዲኑን አልተቀየምኩትም፤ እሱም ከላይ ሲጠይቁት መልስ የሚያጣ ሰው ነው። ማሌሽ ኡስታዝ አለኝ። እዚህ ማሌሽ ማለት ይቅርታም ነው፣ አይዞህም ነው፣ አትድከምም ነው። ቤቱ ለሆቴል ሙያ ሥልጠና ተሰጥቷል፤ አልጋዎቹ ከወዲሁ ገብተው ሼክስፒርን የማስተምረው በሁለት ፍራሽ መካከል ቆሜ ነው። ሬቤካ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ትመለሳለች። ዊዩአል ማንጎው ሥር ተቀምጦ ይውላል። ለኔ እንግዳ አቀባበል እንዳስተምር ተሰጠኝ፤ ሶሊ ሰምቶ እንኳን ሰው ለመሆን አበቃህ ብሎ እራት ጋበዘኝ። በላሁለት፤ ምን አደርጋለሁ?

ፖል ባለፈው እሑድ ረጃፍ ሄዶ ነበር። የግሎሪያ አባት ወሬውን ሰምቶ ኖሮ፣ ዓሣ ጠብሶ በል እንግዲህ ያባትህ ቤት ነው አለው። ልጁ ግን ከዚያ ሲመለስ ደስታው ግማሽ ነው። ግሎሪያን በሌላ ዓይን ያያት እንደነበር ሬቤካ አሁን ነው የነገረችኝ። እንግዲህ በአንድ ቀን ወንድሟ ሆኖ ቁጭ አለ።

ሰው ሲጠይቅሽ ሆቴል ነው የሚሠራው በያቸው። ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ውሸት አይሆንም።

እናታችንን እጇን ሳሚልኝ። አክስቴን እቴ ይመኙሻልን በጸሎት አትርሺኝ በያት። ልጅሽ ማናህሎሽ ፈተናዋን በርትታ ትፈተን፣ ምን ላጥና ካለችሽ ግን እኔን አታማክሩኝ። ለባልሽ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ በሬውንም አጥሩን ይተውለት ብያለሁ።

ለአጎታችን ለጋሽ ማስረሻ ለየት ያለ ሰላምታ አቅርቢልኝ። ለብቻዬ ብሞክረው እኔም አምስተኛው አያታችን ላይ ቆምኩ፤ ከዚያ በላይ ያሉትን ጠይቀሽ ላኪልኝ። እግረ መንገድሽን፣ ከኛ ወገን ዘር ሳይተኩ ያለፉ፣ ስማቸውን የሚቆጥርላቸው ያጡ ሰዎች ካሉም ጠይቂው። እዚህ የሚቆጥራቸው ልጅ አለ። ፖል የግሎሪያን አያቶች ለግሎሪያ ይመልስና ከኛ ይቆጠር፤ ያን ጊዜ ቢያንስ ሊያገባት ይችላል።

ወንድምሽ ናሁሰናይ
ሃይ ማላካል፣ ጁባ
ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.