ስምህ ከማን ጋር ይጠራ?

ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ልጄ ይኄይስ፣ ባለህበት ባሕር ማዶ ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ቦራዋ ላም ወልዳለች።

ከትናንት በስቲያ የሰፈራችን የሚካኤል ማኅበር እኛ ቤት ነበር። አባትህ ካረፉ ወዲህ ቦታቸው ለአንተ ተይዟል፤ የአባት ጽዋ ለልጅ ነውና። ቄስ ወልደ ዮሐንስ የሙታኑን ስም ሊጠሩ ሲሉ ወደ እኔ ዞሩና «ደብዳቤው ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆነ። ይኄይስን ከማን ጋር እንጥራው?» አሉኝ።

«ከሕያዋን ጋር ነዋ!» ብዬ ጮኽሁባቸው። ቄስ ላይ ጮኽሁ፣ ልጄ። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። እኅትህ ተናኜ ብቻ አለቀሰች።

ና አልልህም። ስምህን ብቻ በእጅህ ጽፈህ ላክልኝ፤ እስከ ሰኔ ሚካኤል ታገሡኝ ብያቸዋለሁ።

ዕድሜህን ያርዝመው። ከሙታን ጋር የእኔ ስም ካንተ ቀድሞ ይጠራ።

እናትህ አስካለ ማርያም