ከመጨረሻው ፌርማታ በፊት

ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ

ለምወድህና ለተናደድኩብህ ባለቤቴ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። ወገቤን ያመኛል፣ የስፌት መኪናዬ ፔዳል ይንጫጫል፣ የጓዳው ቧንቧ አሁንም ያንጠባጥባል። ናፍቆትህ ከነዚህ ቀጥሎ ነው። እሺ፣ ከቧንቧው ይቀድማል።

ለምን እንዳልደወልኩልህ ታውቃለህ። አንተ አንድ ነገር ተናግረህ እስክትጨርስ አሮጌ አውቶቡስ ዳገት ይወጣል፤ እኔ ደግሞ ግማሹ ላይ ቀድሜህ እጨርስልሃለሁ። ከዚያ «በቃ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ» ትልና ስልኩን ትዘጋዋለህ። ደብዳቤ ይሻላል። የቀድሞ ባልደረባህ፣ ወፍራሙ ሾፌር፣ ነገ ወደ እናንተ ከተማ ስለሚነዳ በእጁ ያደርስልሃል። አንድ አደራ ብቻ አለኝ፦ ዘለህ መጨረሻውን እንዳታነብ። ይህን የምልህ እኔ መሆኔ እንደሚያስቅህ አውቃለሁ። ሳቅ፣ ግድ የለም።

ይቅርታ ልጠይቅህም አይደለም የምጽፈው። የምጽፈው ፊልምህን እያየሁልህ መሆኑን እንድታውቅ ነው።

ጡረታ በወጣህ ማግስት ያልከው ቃል በቃል ትዝ ይለኛል። ቁርስ ላይ ማንኪያህን አስቀመጥክና ዳኛ ፊት እንደቆመ ሰው ጉሮሮህን ጠረግክ። «ዕድሜዬን ሙሉ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ሰው ሳወርድና ስጭን ኖርኩ። ሲገቡ አያቸዋለሁ። እየሳቁ ወይ እያለቀሱ ሲወጡ አያቸዋለሁ። ውስጥ ምን እንደሚደረግ ግን አላውቅም። ከዛሬ ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ በቀን አንድ ፊልም አያለሁ። አንድ ቀን ብዘል ወንድ አይደለሁም!»

«ቧንቧውስ?» አልኩህ።

«ከፊልሙ በኋላ» አልከኝ። ቧንቧው ያ «በኋላ» ይመጣል ብሎ ዛሬም እየጠበቀ ነው።

እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ጡረታ የወጣ ወንድ ቤት ሲውል ምን እንደሚያመጣ ከጎረቤቶቻችን አይቻለሁ፤ አንዱ የሚስቱን ጓዳ በፊደል ተራ ካልደረደርኩ ብሎ ስንት ጉድ አፍልቷል። አንተ ግን ከምሳ በኋላ ሰዓትህን አይተህ፣ የሌለውን የአውቶቡስ መስታወት በእጅህ አስተካክለህ፣ ወንበርህ ላይ ትቀመጥና ትነሳለህ፤ ማለቴ ፊልሙን ታስነሳዋለህ። ከአሮጌው አውቶቡስህ ነቅለህ ያመጣኸውንም ሰሌዳ ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቀልከው፦ «በጉዞ ላይ ሾፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው።» እንግዳ ሲመጣ የሥራ ዘመንህ ማስታወሻ ይመስለዋል። ለማን እንደተሰቀለ እኔና አንተ እናውቃለን።

ግን እኔስ ምን ላድርግ? የሰው ልብስ ስሰፋ ኖሬ ዓይኔ ፊት ማየት ትቶ ስፌት ያያል። ፊልሙ ገና ያልነገረንን ነገር አልባሹ ይነግረኛል። ጥሩ ገበር ያለው ኮት የለበሰ ሰው በጥይት አይመታም፤ ማን ያንን የመሰለ ኮት ይበሳል? ርካሽ ነጭ ሸሚዝ፣ ያውም አዲስ፣ ለብሶ የገባ ሰው ግን አበቃለት፤ ደም ሊፈስበት ነው። በየትዕይንቱ ቀሚስ የምትቀያይረው ሴት ታገባለች። በአንድ ቀሚስ የምትመላለሰው ትመርቃቸዋለች። አንተ «አክተር አይሞትም!» ብለህ ትሟገታለህ። እኔ ደግሞ «የኮቱን ቁልፍ እየው፣ ክሩ ላልቷል፤ ሊበጠስ ነው፣ ፖሊሱ ሊያገኘው ነው» እላለሁ። ይበጠሳል። ይገኛል። አንተም ሪሞቱን ጭንህ ላይ ጥለህ «ትንቢት!» ትለኛለህ። ስም አውጥተህልኝ ቀረ፤ አሁን ደንበኞቼ ሁሉ የሚጠሩኝ በሱ ነው።

በመሄድህ ዋዜማ ፊልሙ ገና መጀመሩ ነበር። አንድ ሽማግሌ ባቡር ጣቢያ ተቀምጦ ይስላል። እኔ የደንበኛ ሱሪ እየተረተርኩ ቀና አልኩና «ይሄ ሰውዬ መጨረሻውን አያይም። ኮሌታውን እየው፣ ሁለት ጣት ያስገባል። የከሳ እንዲመስል ብለው ነው ሰፊ ሸሚዝ ያለበሱት» አልኩ። አንተ «አክተር አይሞትም» ትላለህ ብዬ ጠበቅኩ። አላልክም። ፊልሙን ራስህ አጠፋኸው። በማግስቱ ጠዋት ሻንጣህን ይዘህ «እትዬ ጋ ጥቂት ቀን ልሰንብት። እዚያ እንኳን ፊልም በሰላም አያለሁ» ብለህ ወጣህ።

እትዬ ጋ! ቴሌቪዥናቸውን ለዜና ብቻ የሚከፍቱት፣ ፊልም ሁሉ ውሸት ነው የሚሉት ታላቅ እህትህ ጋ! በስልክ ነግረውኛል፤ ከሄድክ ጀምሮ አንድም ፊልም አላየህም። ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠህ አውቶቡስ ሲያልፍ ታያለህ አሉ። «ሾፌሩ ፍሬን አበዛ» እያልክ ትቆጣለህ አሉ።

ስእለትህ ግን አልተቋረጠም፣ አይዞህ። አንተ በሄድክበት ቀን፣ ከምሳ በኋላ ሰዓቱ ሲደርስ፣ እጄ ራሱ ሄዶ ሪሞቱን አነሳ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድም ቀን አልዘለልኩም። «አንቺ ያየሽው ለኔ አይቆጠርም» እንዳትለኝ። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል። ቤቱ የጋራ፣ ዕዳው የጋራ፣ ጉንፋኑ የጋራ ሆኖ ፊልሙ ለብቻ የሚሆንበት ምን ሕግ አለ?

በራሴ ወንበር ተቀምጬ ነው የማየው። ያንተን አልነካሁትም፤ የደንበኛ ልብስ እንኳን አላኖርኩበትም። ይህ ቤት ውስጥ ጨርቅ የማይቀመጥበት ነገር ጣሪያው ብቻ እንደሆነ ስለምታውቅ የዚህ ክብደት ይገባሃል። ስመለከትም ትንፍሽ አልልም። ለማን ልተንፍስ? ትናንት አንዱ ርካሽ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ብቅ ሲል አፌን ከፍቼ ወደ ወንበርህ ዞርኩ። ከዚያ መልሼ ዘጋሁት።

ደግሞ አንድ ልማድ አወጣሁ። ነገሩ ሊፈታ ሲል፣ ሙዚቃው ሲነሳ፣ ገዳዩ ሊታወቅ ወይ ሁለቱ ሊታረቁ ሲሉ፣ ሪሞቱን ተጭኜ አጠፋዋለሁ። በአንተ ቋንቋ፣ ከመጨረሻው ፌርማታ በፊት እወርዳለሁ። አንተ ከሄድክ ወዲህ የአንዱንም መጨረሻ አላየሁም።

ይህ ልማድ ከሰው አጣልቶኛል። የጎረቤታችን የኤሌክትሪከኛው ሚስት ብቻዬን መሆኔ አሳዝኗት አብራኝ ልታይ መጣች። ልክ ልጁ የአባቱን ገዳይ በር ሲያንኳኳ አጠፋሁት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጤነኛ ነሽ?» ብላ ብድግ አለች። «በሩ ሊከፈት እኮ ነው!»

«ይከፈት» አልኳት። «እኛ ቤት አይከፈትም።»

ጫማዋን እንኳን በወጉ ሳታጠልቅ ወደ ቤቷ ሮጠች። ታውቃለህ፣ ግድግዳችን ከወረቀት ብዙም አይወፍርም። ትንሽ ቆይታ ከወዲያ «አጎቱ ነው! አጎቱ ነው የገደለው!» ብላ ለቀቀችው። እኔ ወደ ስፌት መኪናዬ ዘልዬ ተቀምጬ፣ ያለ ጨርቅ ያለ ክር ፔዳሉን እረግጥ ጀመር። ጆሮ ዳባ ልበስ! እሷ ትጮኻለች፣ እኔ እረግጣለሁ፣ እሷ ትጮኻለች፣ እኔ እረግጣለሁ። በመጨረሻ ባሏ የተበላሸ ነገር ያለ መስሎት የመፍቻ ሳጥኑን ይዞ መጣ። መኪናዬን ገልብጦ መርምሮ «ምንም የለውም፤ የተበላሸው ሌላ ነው» ብሎኝ ሄደ። ፔዳሉ የሚንጫጫው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው። አጎቱ መሆኑን ከኮቱ ገበር ገና ድሮ አውቄው ነበር፤ ግን አላልኩም። ይህ ይመዝገብልኝ።

በማግስቱ ደግሞ ሙሽሪት ቀሚሷን ልትለካ መጣች። በርጩማ ላይ አቁሜያት፣ ዙሪያዋን ስፒል ሰክቼ፣ አፌም ስፒል ሞልቶ ሳለ «ትንቢትዬ፣ የትናንቱን ፊልም አየሽው? መጨረሻ ላይ ልጅቷ እኮ...» ስትል ስፒሉን ሁሉ ተፍቼ «ዝም!» ብዬ ጮህኩ። ደንግጣ ዘለለች፤ ስፒሉ የት እንደወጋት አልነግርህም። አሁን ሰፈሩን እየዞረች «ባሏ ከሄደ ወዲህ ልክ አይደለችም» እያለች ነው። ያም ሆኖ ቀሚሷ አምሮባታል።

አሁን ልታነበው የማትፈልገውን እጽፋለሁ፤ ወረቀቱን እንዳታጥፈው።

ከሄድክ በኋላ ሸሚዞችህን ልተኩስ አወጣኋቸው። ያንን ሰማያዊውን፣ «ትንሽ አጥብቢልኝ» ብለህ አምጥተህልኝ «ጡረታ አከሳህ እንዴ?» ብዬ የሳቅኩብህን፣ ካውያ ሳላስነካው ኮሌታውን ቆለፍኩና ሁለት ጣቴን አስገባሁ። ገባ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ዓይኔ የማያውቀውን ሰው ኮሌታ ከባቡር ጣቢያ ድረስ እያየ፣ አጠገቡ የተቀመጠውን የራሱን ሰው ኮሌታ አላየም። ስለ ሽማግሌው ሳወራ አንተ የሰማኸው ስለ ራስህ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ምን ይመለሳል? ፊልም በሰላም ልይ ብለህ ሄድክ፣ እኔም ለሰው ሁሉ እንደዚያው አወራሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ማክሰኞ ዕለት እትዬ ደወሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንዳልነግርሽ አስምሎኛል፤ ግን ሚስቱ ነሽ። ሐኪም ቤት ይዤው ሄጄ ነበር። ውጤቱ ዛሬ መጣ። ሐኪሙ ያለው...» ሲሉ ጮህኩባቸው።

«እትዬ፣ በሞቴ! መጨረሻውን እንዳይነግሩኝ!»

«ኧረ አንቺ ሰው፣ ስለ ፊልም አይደለም እኮ የማወራሽ!»

«አውቃለሁ። ራሱ ይነግረኛል» ብዬ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋሁት። ታላቅህ ላይ ስልክ ዘጋሁ፤ ይህንን እንኳን በኔ በኩል ይቅርታ ጠይቅልኝ።

ታውቀኛለህ። ከድምፃቸው መገመት እችል ነበር። አልገመትኩም። ግምቱ ራሱ እየመጣ በሩን ሲያንኳኳ ሄጄ ፔዳሉን ረገጥኩ፣ ያለ ጨርቅ፣ ያለ ክር፣ እግሬ እስኪዝል። ከዚያ ወንበርህ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ክፉ አስቤ አይደለም። አለማወቅ እንዲህ ያደክማል ለካ! አንተ እኔ አጠገብ ተቀምጠህ ይህን ለምን እንደምትወደው እንጃ።

መጨረሻቸው ያልታየ ፊልሞች ብዙ ሆነዋል። እግሩ ያልታጠፈ ሱሪ ይመስሉኛል። ሱሪ ደግሞ ባለቤቱ መጥቶ፣ ቆሞ፣ ካልተለካ አይታጠፍም፤ በግምት የሚያጥፍ ልብስ ሰፊ ደንበኛውን ያጣል። ስለዚህ ያንተ ድርሻ ሁሉም አለ፣ አንድ በአንድ እናያቸዋለን። ያ ባቡር ጣቢያ የተቀመጠው ሽማግሌም አለ። ምን እንደሚሆን አላውቅም። እኔ፣ ትንቢት፣ አላውቅም ብያለሁ፤ ከፈለግክ ቆርጠህ ያዘው።

ወፍራሙ ሾፌር እሑድ ይመለሳል። ከኋላው ያለውን ወንበር ለአንተ ይዞልሃል። ፍሬን ሲያበዛ ዝም በለው። ስትመጣ ፊልም ከመክፈታችን በፊት ሐኪሙ ያለውን ትነግረኛለህ፣ በራስህ ፍጥነት፣ ዳገቱን እስክትወጣው ድረስ። ደግም ይሁን ክፉ ከአፍህ እሰማዋለሁ፣ አላቋርጥህም። ካቋረጥኩህ ሰሌዳውን አሳየኝ፤ እንደተሰቀለ ነው።

መንገዱን ያቅናልህ። ጉድጓዱን ያሳልፍህ፣ ደጉን ያስቀድምልህ፣ ከወንበርህ በሰላም ያድርስህ። እትዬን ሳምልኝ።

ናፍቆትህ ከቧንቧውም ከወገቧም የሚቀድምባት ሚስትህ፣

ትንቢት

ሳልረሳው፦ ሰማያዊ ሸሚዝህን ተኩሼ ሰቅዬዋለሁ። ኮሌታውን ግን አላጠበብኩትም፣ አላጠብበውምም። ትሞላዋለህ። ይህ ትንቢት አይደለም፤ ትእዛዝ ነው።