በጨርቅ የቋጠርኩልህ

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? የደብረ ብርሃን ውርጭ እንዴት ይዞሃል? ያ ሳልህስ ለቀቀህ? እኔ እግሬን ከሚነዝረኝ በቀር ደህና ነኝ፤ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባው። አንኮበር ጉም ውስጥ ከገባች ሳምንቷ ነው። በጎቹን የምለያቸው በድምፃቸው ሆኗል።

የላክልኝን መጽሐፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፊደል የቆጠርኩት በአንተ የአንደኛ ክፍል ደብተር ስለሆነ ቀስ እያልኩ ነው፤ ግን ገብቶኛል። ሰው የራሱ ጌታ ነው፣ ደጁን ለመጠበቅ ፈቃድ የሚለምን በገዛ ቤቱ ጭሰኛ ነው ይላል። አንተም ከዳሩ ላይ በእስክርቢቶ እንደ አባቴ ብለህ ጽፈህበታል። እሷን ሳይ መጽሐፉን ዘጋሁት።

የቀበሌው ሹም ቃለ አብ ማክሰኞ መጥቶ ነበር። መሣሪያ ያለው ሁሉ ያስመዝግብ፣ ያላስመዘገበ ይወረስበታል አለኝ። ከግድግዳው ላይ ያለውን የአባትህን ጠመንጃ እያየ፣ እትዬ፣ ይህ ምንሽር እኮ ከእርስዎ ይልቅ አርጅቷል፣ ማንን ሊመታ ነው ብሎም ቀለደብኝ። ካረጀ ታዲያ አንተን ይህን ሁሉ አቀበት ምን አስወጣህ አልኩት። እየሳቀ ወረደ። ልጄ መጥቶ ይወስናል ብዬዋለሁ።

አንተ ደግሞ እንዳትሰጪ፣ አባቴ እስከ መጨረሻዋ ጥይት ተኩሶ ነው የወደቀ፣ የታጠቀ ሰው ቆሞ ይሞታል ብለህ ጽፈህልኛል። ይህን የሰማኸው ከአጎትህ ነው። ለቅሶው ላይ ምንሽሩን አውጥቶ ወደ ሰማይ ሊተኩስለት ቃታውን ሳበ፤ ባዶ ነበር። ጨረሳት ወንድሜ፣ አንዲት ሳያስቀር ጨረሳት እያለ ፎከረ። ለቀስተኛው አብሮት ጮኸ። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ተቀምጬ ነበር።

አንተ ትምህርት ቤት ነበርክ፤ ስለዚህ የማውቀውን ልንገርህ። አባትህ በሞተበት ሳምንት ከማሳ ጎረቤታችን ከገብረ ሕይወት ጋር በማሳ ወሰን ተጣላ። ከዚያ ድንበር ላይ ባየው እጥለዋለሁ ብሎ በእኔ ፊት ማለ። አባትህ የማለውን አይተውም። ስለ ሰላም ብዬ አንድ ነገር አደረግሁ፤ እሱን ግን አልጠየቅሁትም። ንዴቱ ሲበርድለት እመልሳለሁ ብዬ ነበር።

በሦስተኛው ቀን በቀትር፣ ጉሙ እንደዛሬው ወርዶ ሳለ፣ ሌቦች በጎቹን ነዷቸው። አባትህ ምንሽሩን ከግድግዳ ነጥቆ ሲሮጥ አፌን ከፈትኩ። ድምፅ አልወጣኝም። ቆይ ማለት ብቻ ይበቃ ነበር።

ተኩሱ ሁለት ነው፤ ሁለቱም የሌቦቹ። ገደሉ እያስተጋባ አበዛው እንጂ፤ መንደሩ ሰባት ስምንት ሰማሁ ይላል። ከዚያ ወዲህ በሬን ቀርቅሬ አላውቅም። የመቀርቀሪያው ብረት ቀጭ ሲል እሱ በመጨረሻ የሰማውን የሰማሁ ይመስለኛል።

ገብረ ሕይወት ዛሬም አለ። ልጆች ወልዷል፤ ማሳዬን በየዓመቱ የሚያርስልኝ እሱ ነው። በሬዎቹን ሲመልስ አየውና ደግ ሠራሁ እላለሁ። ዞር ስል ምንሽሩ ከግድግዳው ላይ አለ።

መጽሐፍህ፣ መንግሥት ለአንተው ደኅንነት ነው እያለ ትጥቅህን ያስፈታሃል ይላል። እውነት ሳይሆን አይቀርም። ግን እንዲህ የሚያደርገው መንግሥት ብቻ እንዳይመስልህ። የሚወድህም ሰው ያደርገዋል፣ ያውም ሳይጠይቅ።

ለጥምቀት ስትመጣ፣ ምንሽሩን ከማስመዝገብህም ከመደበቅህም በፊት፣ ማንገቻው ላይ ያሰርኩትን ቋጠሮ ፍታ። ትናንት ከገብሱ ጎታ ሥር ያወጣሁት ነው። አምስት ናቸው። አባትህ ከአሊዩ አምባ ገበያ የገዛው ጥይት አምስት ነበር፤ ከዚያ በላይ ኖሮት አያውቅም። ራስህ ቁጠራቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ምንሽሩም፣ ስለ እኔም የምትወስነውን እቀበላለሁ።

መንገድህን ያቅናልህ። ከተራራው ቁርም፣ ከሰውም ክፉ ይሰውርህ። አንጀቴን ያራስከኝ ልጅ፣ ያንተንም አንጀት ልጅ ያርሰው።

በሩ እንደሁ አይቀረቀርም።

እናትህ