ገበጣው ሁለት ሰው ይፈልጋል

ቢቸና
ግንቦት 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለየሻው፣

እንዴት ከርመሃል? የጋምቤላ ሙቀት ከነግሬደርህ አላቀለጠህም? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ፤ ከኮምፒዩተር ጋር ከመጣላት በቀር የሆንኩት ነገር የለም። ስልክህን ሦስት ጊዜ ሞክሬ ስላላነሳህልኝ አድራሻህን ከእህትህ ከእትዬ ወለተ ሥላሴ ተቀበልኩ። ደብዳቤ መቼም ጠርቶ ጠርቶ አይዘጋም።

ኮምፒዩተር ስልህ ቅንድብህን ስታነሳ ይታየኛል። አንተ ከሄድክ በኋላ ትምህርት ቤታችን ውስጥ፣ ከምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ጎን የኮምፒዩተር ክፍል ተከፈተ። አሥር አሮጌ ኮምፒዩተሮች በእርዳታ መጡና ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። አቧራ እየጠረግሁ ዝም ብዬ ማየቱ ሲሰለቸኝ፣ መምህርቷን ሄለንን "አስተምሪኝ" አልኳት። አስተማረችኝ። ከዚያ ምን አማረኝ መሰለህ? ለሰኔው ኤግዚቢሽን በኮምፒዩተር የሚጫወቱት ገበጣ መሥራት! ሌላ ምን ጨዋታ አውቃለሁ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከአንተ ጋር የተጫወትኩት እሱን ነው።

ጨዋታ ለመሥራት "ጌም ኢንጂን" የሚባል ያስፈልጋል። ኢንጂን ሲባል ናፍጣ የሚጠጣ እንዳይመስልህ፤ ሌሎች ሰዎች አስቀድመው የሠሩት የመሣሪያ ሳጥን በለው። እኔ ሥዕሉንና ሕጉን እሰጠዋለሁ፣ የቀረውን እሱ ያንቀሳቅሰዋል። ታዲያ ለጀማሪ የሚሆነውን መምረጥ ነው ያቃጠለኝ!

ሞጣ ውስጥ ሙሂዲን የሚባል የኮምፒዩተር ሱቅ ያለው ሰው አለ፤ እሱ ዘንድ ሄድኩ።

"እትዬ ፈንታዬ፣ ኮምፒዩተሩ ምን ዓይነት ነው?" አለኝ።

"ነጭ ነው፤ አሁን ግን ትንሽ ቢጫ ሆኗል" አልኩት።

ሱቅ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ጌም ሜከር የሚባለውን በፍላሽ ገልብጦ ሰጠኝ። ያን ሁሉ መንገድ በሚኒባስ ተጨናንቄ መጥቼ ስከፍተው እምቢ! ሄለን አይታ "ይኼ ለዊንዶውስ የተሠራ ነው፤ የእኛዎቹ ሊኑክስ ናቸው" አለችኝ። ሊኑክስ የሚሉት ማንም በነፃ የሚወስደው፣ ከፍቶ የሚያየው፣ ካሻው የሚያስተካክለው ነው። ደግነቱ ደስ ይላል፤ ግን እንዲህ ደግ ከሆነ እኔን ለምን ያንገላታኛል?

ሁለተኛ ሄድኩ። ጎዶት የሚባለውን ሰጠኝ። እሱም በነፃ ነው፣ ለሊኑክስም ይሆናል፤ ሄለንም አመሰገነችው። የእኛ ኮምፒዩተር ግን አርጅቷልና አልቻለውም፤ ጥቁር ስክሪን አሳይቶኝ ቀረ። ሎቭ የሚባልም አለ። እሱ ሁሉንም ነገር በጽሑፍ እያዘዙ የሚሠሩበት ነው፤ ደግሞም ስሙ ፍቅር ማለት ነው አሉኝ። "በዚህ ዕድሜዬ ከእሱ ጋር አልጀምርም" ብላቸው ሄለን በሳቅ ሞተች።

በሦስተኛው ስክራች የሚባለውን አመጣሁ። እሱ ደግሞ "መጀመሪያ ይኼን ሌላ ፋይል አምጪ" አለኝ። ያንን ሳመጣ ያኛውም የራሱን ሌላ ጠየቀ። ወንድሜ ካልመጣ አልገባም፣ ወንድሙም አጎቴ ካልመጣ አልገባም እያለ በር ላይ እንደሚቆም ተጋባዥ! ልወረውረው ምንም አልቀረኝ። በአራተኛው ጉዞዬ ሙሂዲን ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ለቅሞ ሰጠኝ፤ ተከፈተ። አንዲት ድመት ብቅ አለች። ትእዛዙ እንደ ጡብ ነው፤ በማውስ እየጎተትክ ትደረድረዋለህ። ርዕሰ መምህሩ አይተው "ይኼ እኮ የሕፃናት ነው" አሉኝ። "ለእኔ የሚሆን እሱ ነው፤ እኔም ገና ጀማሪ ነኝ" አልኳቸው። የመጀመሪያዋ ጠጠር ከጉድጓድ ጉድጓድ ስትሄድ ብታይ፣ የሻው፣ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ነገሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ኮምፒዩተር እንደ ሰው "ገብቶኛል" ብሎ አያልፍም፤ ሕጉን አንድ በአንድ ይፈልጋል። ሁለት ቁልፍ አደረግሁ፦ አንዱ ተራ የሚያልፍበት የቢቸና ሕግ፣ አንዱ የሞጣ ሕግ። የሞጣ ሕግ ስልህ፣ ሞጣ ተድሬ የመጣሁ ሰሞን የነገርከኝን ነው፤ "የመጨረሻ ጠጠሯ ባዶ ጉድጓድ ላይ ከወደቀች፣ ከሌላ አገር የመጣች ሰው ተራዋ አያልፍም፤ መልሳ ሌላ ትመርጣለች" ያልከኝን። ቢቸናም መጥተን እስክትሄድ በዚያው ሕግ ነበር የተጫወትነው።

ሄለን "ስንት ጊዜ ነው መመለስ የሚቻለው?" አለችኝ።

አሰብኩ፣ አሰብኩ። "እንጃ፤ እስካሸንፍ ድረስ ነው መሰለኝ" አልኩ።

ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም። በማግስቱ ሞጣ፣ እትዬ ወለተ ሥላሴ ዘንድ ነበርኩ።

"ደግሞ መጣሽ? ቢቸና ኢንተርኔት የለም እንዴ?" አሉኝ ገና ከበር።

"የሞጣው ይፈጥናል" አልኳቸው።

"ይሁን እስቲ። እንዲህ በወር አራት ጊዜ የሚያመላልስ ኢንተርኔት አላየሁም።"

ሕጉን ጠየቅኋቸው። ጎረቤታቸውን ዑሙሰልማን በአጥር ጠሩ፤ እሷ በገበጣ አንደኛ ናት አሉኝ። ሁለቱ ተያይተው በሳቅ ፈነዱ።

"ተራማ ካለፈ አለፈ ነው! ማን ነው እንዲህ ያለሽ?" አለች ዑሙሰልማ።

"የሻው ነው" አልኩ።

እትዬ ወለተ ሥላሴ ሳቃቸውን አቆሙ። "ይኼ ልጅ" አሉ፣ "በልጅነቱ ይኼን ሰፈር ሁሉ በገበጣ ያስለቅስ የነበረው? እኔ አንድ ቀን እንኳ አሸንፌው አላውቅም።"

የሻው፣ የዚያን ቀን ሚኒባሱ ውስጥ ከሞጣ እስከ ቢቸና ቃል አልተናገርኩም። እኔ! ረዳቱ እንኳ "እናቴ፣ አሞሻል?" አለኝ።

የአጥራችንን የወሰን ክርክር ፍርድ ቤት ተረትተህ የመጣህ ዕለት፣ ሊያጽናኑህ በመጡት ሦስት ሽማግሌዎች ፊት ያልኩህን አልረሳሁትም። "ድሮስ ገበጣ እንኳ አሸንፎኝ የማያውቅ ሰው፣ ክርክር ያሸንፋል?" ነበር ያልኩት። እነሱም ሳቁ። አንተ ጠላህን ጨርሰህ ብርጭቆህን ቀስ አድርገህ አስቀመጥክ። በሳምንቱ ለጋምቤላው የመንገድ ሥራ ተመዝግበህ ሄድክ። ያን ጊዜ አንድ ቃል ትመልስ ነበር እኮ! "የተሸነፍኩልሽ እኔው ነኝ" ብትል ምን ነበረበት? አየህ፣ አሁንም እያኮረፍኩህ ነው።

ባለፈው እሑድ ሦስቱንም ሽማግሌዎች ኮምፒዩተር ክፍል ጠራኋቸው። ጨዋታውን አሳየኋቸውና ሕጉን ማን እንዳወጣው፣ ለማን እንዳወጣው ነገርኳቸው። ከሦስቱ አቶ ሰማው "ታዲያ በእውነተኛው ሕግ አንድም ቀን አላሸነፍሽውም?" አሉኝ። "አንድም ቀን" አልኳቸው። በዚህኛው አልሳቁም።

ሄለን "የሌለ ሕግ ነውና የሞጣውን ቁልፍ እናጥፋው" ብላኝ ነበር። እንዳትነኪው አልኳት። እኔ ግን ከእንግዲህ የምጫወተው በቢቸናው ነው።

አንድ ጉድለት ቀርቶታል። ኮምፒዩተሩ ራሱ እንዲጫወት ማድረግ ከእኔ አቅም በላይ ሆነብኝ፤ ስለዚህ ገበጣው ሁለት ሰው ይፈልጋል። ሲከፈት የሁለቱን ተጫዋቾች ስም ይጠይቃል። የእኔንም የአንተንም ጻፍኩና የመጀመሪያውን እኔ ተጫወትኩ። ጠጠሬ ባዶ ጉድጓድ ላይ ወደቀች፤ አልመለስኳትም።

እዚያ ዝናብ ሲገባ የመንገድ ሥራ ይቆማል ብለው እትዬ ወለተ ሥላሴ ነግረውኛል። እንዲያው ነገሩን አነሳሁት እንጂ።

እንግዲህ አምላክ ከሙቀቱም ከወባውም ይሰውርህ፤ የያዝከውን መንገድ በሰላም የምትጨርስ ያድርግህ።

ፈንታዬ

ስክሪኑ ላይ "የየሻው ተራ" ይላል። መብራት እየሄደ ያጠፋብኛል፤ ሲመጣ መልሼ እዚያው ላይ አደርሰዋለሁ።