የመነጽሩ ቀኝ ዓይን

ውድ ግሩም፣

ይህን ደብዳቤ ጋሽ ጌትነት ሲሰጡህ ዓይን ዓይንህን አያዩህም። አትጠይቃቸው፤ ነግረውኛል። ጎንደር የሄድከው ለፋብሪካው ስልጠና እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለምን እንደሄድክም አውቃለሁ፣ እሱ ላይ እደርሳለሁ። መጀመሪያ ግን እኔ ሁለት ወር ሙሉ ምን ሳስብ እንደከረምኩ ትሰማለህ። አንተ ስትደብቅ ከረምክ፣ እኔ በቅናት ስቃጠል ከረምኩ። የኔን ሳትሰማ ያንተን ብቻ አናወራም።

የሩቅ ማያ መነጽሩን የገዛን ቀን ትዝ ይልሃል? አደን እጀምራለሁ ብለህ ቤቱን ስትበጠብጠው ነበር። ከጨርቃጨርቅ ፋብሪካችሁ በጡረታ የወጡት ሾፌር፣ እኚሁ ጋሽ ጌትነት፣ የወፍ አደን ፈቃዳቸውን አሳይተውህ ልብህን ሰቅለውታል። "ጀማሪ በመጀመሪያው ዓመት ጠመንጃ አይነካም፣ መነጽር ይዞ ያያል" ሲሉህ ለአንድ ቀን ብቻ አኮረፍክ። በማግስቱ ሙሀመድሰዒድ ሱቅ ይዘኸኝ ሄድክ፤ ገና ከበሩ ስትገባ ዓይንህ ያረፈው ትልቁ ላይ ነው።

"አሥራ ሁለት እጥፍ ያቀርባል!" አልክ፣ አንተው የሠራኸው ይመስል።

ሙሀመድሰዒድ ሳቀ። "ወንድሜ፣ የእጅህን መንቀጥቀጥም አሥራ ሁለት እጥፍ ያደርግልሃል። እስቲ በሩ ላይ ቁምና ከማዶ ያለውን ማስታወቂያ አንብብልኝ።"

ፊደሎቹ ሲጨፍሩብህ አየሁ። ምንም እንዳልሆነ ሰው መነጽሩን መለስክለት። ከዚያ ስምንት እጥፍ የሚያቀርበውን ትንሹን ሰጠን፤ እኔ ደግሞ ወስጄ የሱቁን ጨለማ ጥግ አየሁበት። የጆንያውን ክር ሳይቀር ቆጠርኩት። ጅግራ የምትወጣው ማለዳ ነው፣ ብርሃን ሳይሞላ፤ ስለዚህ የሚያስፈልገን ብርሃን የሚሰበስብ እንጂ ሩቅ የሚያቀርብ አይደለም አልኩህ። "እህታችን ታውቃለች" አለ ሙሀመድሰዒድ። እስከ ባጃጅ መያዣው ድረስ ቀድመኸኝ ሄድክ። መነጽሩን ግን ለኔ አልሰጠኸኝም፣ አንገትህ ላይ አንጠልጥለኸው ነበር የገባነው።

አጠቃቀሙንም ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ኮሌጅ ላብራቶሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ከማይክሮስኮፕ ጋር የምውል ሰው ነኝና ይህን ክብር ለማንም አልሰጥም። መሐሉን አጥፈህ ሁለቱ ክቦች አንድ እስኪሆኑ ከዓይኖችህ ስፋት ጋር ታስተካክለዋለህ። ከዚያ ቀኝህን ጨፍነህ በመሐለኛዋ መዘውር ለግራ ዓይንህ ታጠራለህ። በመጨረሻ ግራህን ጨፍነህ ቀኙ ላይ ያለችውን ቀለበት ታዞራለህ። የማንም ሰው ሁለት ዓይን እኩል አይደለም፤ ቀለበቷ ያንን ታቃናለች። በረንዳችን ላይ ቆመህ ሐይቁ ላይ ያለችውን ታንኳ እያየህ ስታዞር፣ "አሁን! አሁን የቀዛፊው ቆብ ታየኝ!" አልክ። ቀለበቷ የቆመችበት ላይ በጥፍር ቀለሜ ቀይ ነጥብ አደረግኩልህ። ያቺ ነጥብ ያንተ ቀኝ ዓይን ነበረች። እኔ ያደረግኳት።

መጀመሪያ ሰሞን እንዴት ደስ ይል ነበር። የእነ ጋሽ ጌትነትን ደንብ አምጥተህ ስትነግረኝ ሳቅኩብህ፤ ጅግራዋን ከሁሉ ቀድሞ ያየ ሰው ቀኝ ደረቷን ይወስዳል፣ ስሙም "የዓይን" ይባላል። ቅዳሜ ከሰዓት ከምታድኑበት ከወንዛዬ ስትመለስ ከደጅ ጀምረህ "የዓይን ይዤ መጣሁ!" ትላለህ። እኔ እጠብሳለሁ፣ አንተ እንዴት እንዳየሃት፣ ጋሽ ጌትነት እንዴት እንደተኮሱ፣ ነፍሷ ሳይወጣ ለመድረስ ቢላ ይዘው እንዴት እንደሮጡና በስመ አብ ብለው እንዳረዷት ቆመህ በድርጊት ታሳየኛለህ። ሥጋው ከአንድ ጉርሻ ባይበልጥም እኔ ወሬውን ነበር የምበላው።

ከዚያ "የዓይን" መምጣቱ ቀረ።

"ዛሬስ?" ስልህ፣ "ሌላ ሰው ነው ቀድሞ ያየው" አልከኝ፣ ጫማህን እየፈታህ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ሌላ ሰው። ደግሞ በሚቀጥለው። ጸጉርህ እርጥብ ሆኖ መምጣት ጀመረ። "ምነው?" ስልህ "ደክሞኝ ፍልውሃ ገባሁ" አልክ። የወንዛዬን ፍልውሃ የማላውቀው መሰለህ? ከየአገሩ ሴቱ ሁሉ መጥቶ ሳምንት የሚከርምበት ነው። መቅናት የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

አንድ ቅዳሜ ተኝተህ ሳለ መነጽሩን አነሳሁት። ቀይዋ ነጥብ ቦታዋ ላይ የለችም። ቀለበቷ ተጠማዛ ተጠማዛ ጫፍ ደርሳለች። እንዲህ ያለ ዓይን ያንተ አይደለም፤ ያንተን አውቀዋለሁ፣ ነጥብ አድርጌበታለሁ። ሌላ ሰው አየበት ማለት ነው። አንገትህ ላይ እንዳለ አጠገብህ ተጠግታ፣ ጉንጯን ጉንጭህ ላይ አስደግፋ ያየችበት ሰው አለች ማለት ነው።

ቀለበቷን ወደ ነጥቧ መለስኳት። በሳምንቱ ተመልሳ ጫፍ ደረሰች። መለስኳት። እንደገና ጫፍ። ሴትየዋና እኔ በአንዲት ቀለበት እንደዚህ ስንጓተት ከረምን፣ አንተ መሐላችን ቁጭ ብለህ ራትህን ትበላለህ። ስም ሁሉ አወጣሁላት። ማህሌት አልኳት፤ ማህሌት የምትባል ሰው ስለማላውቅ። ቀኝ ዓይኗ ደካማ፣ አንገቷ ረጅም፣ ሳቋ ለስለስ ያለ። ላብራቶሪ ውስጥ ተማሪዎቼ ላይ ስጮህ የምጮኸው በሷ ላይ ነበር። "ሁሉን አይታችሁ ጨርሱና ፍረዱ" እያልኩ የምቆጣቸው እኔ፣ የመነጽሩን መታጠፊያ አንድ ቀን እንኳ ልብ አላልኩትም። መታጠፊያው ንቅንቅ አላለም ነበር። ስፋቱ ያንተው ዓይኖች ስፋት ነበር። ሌላ ሰው ቢያይበት ኖሮ እሱም ይለወጥ ነበር። ቅናት እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ የፈለግኩትን ብቻ ነበር የማየው።

ሐሙስ ለስልጠና ብለህ ሻንጣህን ይዘህ ስትወጣ መነጽሩን ትተኸው ሄድክ። እሷንም ይዟት ሄደ ማለት ነው፣ መነጽር ምን ያደርግለታል አልኩ። ባጃጅ ይዤ ዓባይ ማዶ ጋሽ ጌትነት ቤት ሄድኩ። ጠመንጃቸውን እየወለወሉ ነበር። ሰላምታም አላስጨረስኳቸው።

"ይሄ የማን ዓይን ነው?" ብዬ መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"የግሩም ነዋ፣ ልጄ። የማን ይሆናል?"

"የግሩም ዓይን እዚህ ነጥብ ላይ ነው ያለው። ይችን ጫፍ ያደረሰቻት ማን ናት? ጋሽ ጌትነት፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ አይዋሹኝ።"

ጨርቁን አስቀመጡ። "ቁጭ በይ" አሉኝ። አልቀመጥም ስል ደግሞ ለመኑኝ። "ማንም የለች። ቀኝ ዓይኑን ሞራ ጋረደው። ቀለበቷን ሲያዞር፣ ሲያዞር አሟጠጣት፤ ከዚያ ወዲያ የሚዞር የላትም። ጅግራ እፊታችን እየሄደች ድንጋይ ናት ይለኝ ጀመር። ፍልውሃው ቢያሽለው ብሎ በየቅዳሜው ዓይኑን ታጠበ፤ እኔው ነኝ ውኃውን የማፈስለት። ማክሰኞ ጎንደር ሞራው ይገፈፍለታል።"

"ቀድሞ ያየው ሌላ ሰውስ?"

"እኔ ነኝ። ማን አለና?" ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። "ንገራት ብዬ ለመንሁት። 'እሷ በመረጠችልኝ መነጽር አላይም ብዬ እንዴት እነግራታለሁ?' አለኝ። ጨርቅ መርማሪ ነኝ፣ የክር ግድፈት ካላየሁ ፋብሪካውስ ምን ያደርገኛል እያለ ነው ሌት ተቀን የሚብሰለሰል። እኔ ምን ላድርግ ልጄ፣ አስምሎኝ ዝም አልሁ።"

ግሩም፣ መጀመሪያ እፎይ አልኩ። ማህሌት የምትባል ሴት በዓለም ላይ የለችም። ቤቴ ቤቴ ነው። ከዚያ ወደ ቤት በባጃጅ ስመለስ፣ ድልድዩ ላይ፣ እንደገና ያንገበግበኝ ጀመር። በየማለዳው የማየው ዓይንህ ሲጠፋ ያወቁት እሳቸው ናቸው። ውኃ ያፈሰሱልህ እሳቸው ናቸው። ጅረት ስትሻገር ክንድህን የያዙህ እሳቸው ናቸው፤ ይህንንም ነግረውኛል፣ ደግ የሠሩ መስሏቸው። ፍርሃትህን ሁሉ ለሳቸው አፍስሰህ እኔ ጋ ጸጉርህን ብቻ አርጥበህ መጣህ። ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ሴት ብትሆን ጸጉሯን ይዤ እጎትታታለሁ። ጋቢ ለብሰው የሚያለቅሱ ሽማግሌን ምን አደርጋቸዋለሁ? ቀናሁባቸው፣ አሁንም እየቀናሁባቸው ነው፣ ነገም እቀናባቸዋለሁ።

ስለዚህ ትናንት አብሬያቸው ወንዛዬ ወረድኩ። አይሆንም ሲሉኝ "የግሩምን ቦታ ማን ይሸፍናል?" አልኳቸውና ጠመንጃቸውን አነሱ። መታጠፊያውን ለኔ አጠበብኩ፣ ቀለበቷን ለኔ አቃናሁ። መሬት ቁጭ ብዬ ክርኔን ጉልበቴ ላይ አስደገፍኩ፣ ትንፋሼን አውጥቼ ያዝኩ፣ ከታጨደው ማሳ ጫፍ ጀምሬ ቀስ እያልኩ አየሁ። ብዙ ድንጋይ አየሁ። አንዱ ድንጋይ ተራመደ።

"ጋሽ ጌትነት፣ ከግራሯ ሥር!"

ተኮሱ፣ ሮጡ፣ ባርከው አረዱ። ቀኝ ደረቷን በቅጠል ጠቅልለው ሲሰጡኝ ፈገግ እንኳ አላሉም። "የዓይን ነው" አሉኝ፣ እንደ ደንቡ። ጠብሼ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ። እሳቸው መንገድ ላይ እንዳይነኩት አስጠንቅቄያቸዋለሁ።

ቀለበቷ ላይ ለራሴ ሁለተኛ ነጥብ አድርጌያለሁ። ያንተን አላጠፋሁትም። አዲሱ ዓይንህ የት ላይ እንደሚቆም በረንዳችን ላይ ሆነን እናያለን፤ ያንንም ነጥብ የማደርገው እኔ ነኝ። ፋብሪካው የሚለውንም ሁለታችን አብረን እንሰማዋለን። ሰኞ የተማሪዎቼን ፈተና አስረክቤ ማክሰኞ ጎንደር እገባለሁ።

አንድ ነገር ግን ካሁኑ እንስማማ። ረቡዕ ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የምታየው እኔን ነው። ጋሽ ጌትነት ከበር ውጭ ይቆማሉ። ነግሬያቸዋለሁ፣ ቅር ብሏቸዋል፣ እሺም ብለዋል።

አሁንም የምትቀናብህ ሚስትህ፣
ምሥጋና