የእማዬ የከሰዓት ጣቶች

ይድረስ ለወንድምዓለም፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኔ ከእማዬ ግትርነት በቀር ደህና ነኝ።

መቼም የእናትህን ነገር ታውቀዋለህ። ጠዋት ጣቶቿ እንደ እንጨት ስለሚደርቁ የቀሚሷን ቁልፍ እየታገልኩ የምቆልፍላት እኔ ነኝ። ረፋዱ ላይ ሲፍታቱላት ወደ ስፌት መኪናዋ! ሐኪም ጋ የምትሄደውም ከሰዓት ነው፤ እንደ ደንበኛ እኮ ነው የምታየው። "እጅ ሳይፍታታ ሰው ፊት አይቀረብም" ትላለች። ባለፈው እፊቱ መርፌ ውስጥ ክር በአንዴ አስገብታ አሳየችው! እርር ብዬ የጠዋቱን ሁሉ ዘረገፍኩለት። የጣቶቿን አንጓ ሲጫናት ጮኸች። ደሟንም አስመርምሮ "የመገጣጠሚያ ብግነት ነው። መድኃኒቱ ቶሎ ከተጀመረ ጣት ከመጣመም ይድናል። ሌላ ጊዜ ጠዋት፣ ጣትዎ እንደደረቀ ይምጡ" አላት። "ቶሎ" ማለት ስንት ወር እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠየቅኩት። እሷ ግን "አዋረድሽኝ" ብላ አኮረፈችኝ።

ከትናንት ወዲያ ደግሞ ቁልፍ የሌለው፣ በአንገት የሚጠለቅ ቀሚስ ስትሰፋ ዋለች። ለራሷ ነው ብዬ ተውኳት። ትናንት ከሥራ ስገባ ሌላ፣ በእኔ ልክ የተሰፋ፣ አልጋዬ ላይ ተዘርግቷል። ማን ለምኗት ነው?

እስክንገናኝ ሰላምህ ይብዛ። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቅብኝ፤ የባሰውን፣ የጠዋቱን ቀድጄ ጥዬ፣ ጣቴ ሲፍታታልኝ ከሰዓት ነው እንደገና የጻፍኩት።

እህትህ