አሥራ አራት ጥዶችና የአባቴ ገመና

ለተከበሩ የጽዳትና ውበት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

የለም ክቡር ሆይ፣ ችግኞቹ የደረቁት «በባለቤቱ የእንክብካቤ ጉድለት» አይደለም። ትናንት ተላላኪዎ በበራችን ስር አሾልኮ የጣለው ማስጠንቀቂያ እንደዛ ነው የሚለው፤ ሁለቴ አነበብኩት፣ አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ጮክ ብዬ ለእህቴ። እስከ ሰኞ ካልነቀልኳቸው እናንተ መጥታችሁ እንደምትነቅሏቸውም ጽፋችኋል። ይቅርታ፣ ሰላምታ ሳላስቀድም ክርክር ውስጥ ገባሁ። እንዴት ከረሙ? ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ቢሮዎ ውስጥ ያለው ማሞቂያ፣ ሁሉም ደህና? ማሞቂያውን እግዜር ይጠብቅልዎ። እኛም አለን፤ ብርዱም አለ።

ባያውቁኝ አይፈረድብዎትም። ከቢሮዎ አጥር ማዶ ያለሁት ጎሚስታ ነኝ፤ የከባድ መኪና ጎማ ያለ ረዳት ስለማወርድ ሰፈሩ «ክሪክ» ይለኛል። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ቢሆንም የእርስዎ መኪና የኋላ ግራ ጎማ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚተነፍስ ከሾፌርዎ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ፤ በዚህ መንገድ ላይ የኔን ያህል እጅ ያለው ሰው የለም። ጉራ አይደለም፣ ማንንም ይጠይቁ። ደብዳቤ ግን ስጽፍ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ከሥርዓት የወጣ ነገር ካለ በትልቅነትዎ ይለፉኝ።

አንደኛ፣ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። አባቴ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ አሁን ባለ ጎማ ወንበር ላይ ነው የሚውለው። ወንበሩ በመታጠቢያ ቤታችን በር አያልፍም፣ ግንበኛው ደግሞ በሩን ላስፋ ካልኩ ቤቱ ይወርዳል አለኝ፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ጓሮ፣ ቧንቧው አጠገብ፣ ሲሚንቶው ላይ ነው የማጥበው። ይሄ ማንንም ሳያስቸግር ይሄድ ነበር፣ እናንተ ፎቅ ጨምራችሁ ደረጃውን በኛ በኩል በውጭ እስክታወጡት ድረስ። ባለጉዳይ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ወረፋ ይዞ ይቆማል። ወረፋ የያዘ ሰው ምን ያድርግ፣ ያያል። አንድ ቀን አንዱ ከላይ ሆኖ፣ በክፋትም አይመስለኝም፣ «ጀርባውን ረሳኸው እኮ» አለኝ። በማግስቱ ውሃ አሙቄ ስገባ አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «ዛሬ ይቅር» አለ። በሦስተኛውም ቀን ይቅር። ሁለት ወር ሙሉ አልጋው ላይ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት፣ ፀሐይም ሳያይ ጀርባው መላጥ ጀመረ።

የቆርቆሮ አጥሬን ከፍ ላድርገው ብዬ ማመልከቻ አስገባሁ። እርስዎ በገዛ ፊርማዎ «ከፍ ያለ ቆርቆሮ ለአካባቢው ውበት ስለማይስማማ ባለቤቱ ተክል ተክሎ እንዲከለል» ብለው መለሱልኝ። ተከልኩ። ችግኝ ጣቢያ ሄጄ ከኔ ቁመት የሚበልጡ አሥራ ስድስት ጥዶች ገዛሁ። ችግኝ ሻጯ፣ እናቴ የምታህል ሴት ናት፣ ትንንሾቹን ውሰድ፣ ሥራቸው ቶሎ ይይዛል ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሰው ቢነግረኝ የማልሰማ ሰው ነኝ፣ ረጃጅሞቹን ጫንኩ። «የተቸኮልከው አንተ ነህ እንጂ ዛፉ አልቸኮለም» ብላ አብራኝ ጫነች። አጥሩ ስር አፈር ቆልዬ በአንድ ቀን ብቻዬን ተከልኳቸው፤ ሁለት ሰው ለሦስት ቀን የሚሠራውን ነው። እሷ አንድ እርምጃ ተኩል አራርቅ ያለችውንም አንድ እርምጃ አደረግኩት፣ ቶሎ እንዲገጥም።

የብርድ ወር ሊገባ ሲል በላስቲክ ጠቀለልኳቸው። ይሄ የኔ ጥፋት ነው፣ አልክድም። ፀሐይ ስትወጣ ላስቲኩ ውስጥ ተቀቅለው ሁለቱ ሞቱ። ሴትየዋ መጥታ አየችና ላስቲኩን በእጇ ቀደደችው፤ ችግኝ በመጀመሪያ የብርድ ወሩ ከብርዱ ይልቅ በጥም ነው የሚሞተው አለችኝ፣ ነፋሱ ከላይ ያደርቀዋል፣ ሥሩ ደግሞ ገና አልያዘም። ስለዚህ ረፋድ ላይ ውሃ፣ እግራቸው ስር ጭድ፣ ዙሪያቸውን ጆንያ፣ አናታቸው ግን ክፍት። እንዳለችው አደረግኩ። በዙሪያቸው እንጨት ተክዬ ጆንያውን ከአሮጌ ጎማ ውስጥ በሚወጣው ላስቲክ አሰርኩት፤ እርስዎ አውሎ ነፋስ ቢልኩብኝ አይፈታም ነበር። አሥራ አራቱ ጆንያ ለብሰው ሲቆሙ ግድግዳ ሆኑ፤ ከደረጃው ላይ ምንም አይታይም፣ ራሴ ወጥቼ አይቻለሁ።

ማክሰኞ ቀን አባቴ ወጣ። ሳጥበው «ውሃው ቀዝቅዟል» ብሎ ተቆጣኝ፣ ደስ አለኝ። ከዛ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ ጥዶቹን ሲያይ ቆየና እንደ ድሮ ሥራው «ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ቦታ አለ» አላቸው። እህቴ በሳቅ ሞተች። አሥራ ዘጠኝ ቀን እንዲህ ወጣ። ስለ አሥራ ዘጠኙ ቀን ከልቤ አመሰግናለሁ፣ ይሄኛው ሽሙጥ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ስለ ጽዳቱ አመሰግናለሁ። ከበላይ አካል እንግዶች ሊጎበኟችሁ ሲሉ፣ በዋዜማው፣ እኔ ሥራ እህቴም ሥራ እያለን ሦስት ሠራተኞችዎ የጓሮ በራችንን ከፍተው ገቡ። አባቴ ኮቴ ሰምቶ ከአልጋው «ልጄ፣ አንተ ነህ?» አለ። አንደኛው «አዎ አባባ፣ ይተኙ» አለው። ለትህትናው አመሰግናለሁ። ማታ ስመጣ አሥራ አራቱም ራቁታቸውን ናቸው፤ ጆንያውም እንጨቱም በቆሻሻ መኪና ሄዷል። ዘበኛዎን ስጠይቀው፣ ጆንያ ለእንግዳ ዓይን አይመችም ተብሎ ነው አለኝ። አልተቆጣሁም። ወደ ቤት ገብቼ ውሃ ጠጣሁ።

በማግስቱ አመዳዩ ቅጠላቸው ላይ ነጭ ሆኖ ነበር። ግን ገና አረንጓዴ ናቸው፣ ትንሽም ቢሆን ይከልላሉ፣ ደግሞ በጉብኝቱ ምክንያት ባለጉዳይ አይገባም ስለተባለ ደረጃው ባዶ ነው። ቀና ብዬ አየሁ፣ ባዶ ነው። አባቴን አወጣሁት። እንግዶችዎ ሻይ ጠጥተው እስኪወጡ ድረስ እውነትም ባዶ ነበር። እኔ ሳሙናውን ከጀርባው እያስለቀቅኩ ስለነበር ቀና አላልኩም።

በሳምንቱ ጥዶቹ ዝገት መሰሉ። በዚያው ሳምንት ጎማውን የለጠፍኩለት አንድ ደንበኛዬ ሂሳቡን እየከፈለኝ «አባትህን ፎቶ ላይ አየሁት፣ ተሽሎታል መሰለኝ» አለኝ። ሄጄ አየሁ። መግቢያችሁ ላይ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ መስታወት ውስጥ፣ በጉብኝቱ ቀን ከደረጃው ላይ የተነሳ፣ የበር ግማሽ የሚያህል ፎቶ ነው። ከላዩ «በጽሕፈት ቤታችን ጥረት የተተከሉ ችግኞች ብዛት 14» ይላል። በሰባተኛውና በስምንተኛው ጥድ መሃል የአባቴ ጀርባ አለ፣ ሳሙና እንደተቀባ፣ የኔም እጅ አለ። ጥሩ ካሜራ ነው፣ የተላጠው ቦታ ሳይቀር ይለያል። ፊት ለፊቱ ቆሜ ስቀር ከኋላዬ ያለች ሴት ወረፋ እንዳልቆርጥባት ለመነችኝ፤ ወደ ጎን አልኩላት።

የሰሌዳው ቁልፍ ከሕዝብ ግንኙነቱ ጋር ነው፣ እሱ ደግሞ ሥልጠና ላይ ነው ተባልኩ። ሦስት ጊዜ መጣሁ፣ ሦስቱንም ጊዜ ሥልጠና ላይ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ የሚሰለጥን ሰው ሲመለስ ቁልፍ ሳያስፈልገው እንደሚከፍተው ተስፋ አለኝ። ለአባቴ አልነገርኩትም ነበር። አብሮት ይነዳ የነበረ ጓደኛው ሊጠይቀው መጥቶ፣ የሚያስደስተው መስሎት፣ ነገረው። አባቴ «የቱ ጎኔ ነው የታየው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጀርባህ ብቻ ነው አልኩት። ከዛን ቀን ወዲህ በሩን ዝጋው ይለኛል፤ አልጋው ላይ በጨርቅ ወደ መጥረጉ ተመልሰናል። ጀርባው እንደገና ጀምሮታል።

ሦስተኛ፣ ስለ ማስጠንቀቂያው። ችግኝ ሻጯን ዳግመኛ አምጥቼ አሳየኋት። በጥፍሯ ቅርፊታቸውን ጫር ጫር እያደረገች በተራ ሄደችባቸው፤ ሦስቱ ሞተዋል፣ አሥራ አንዱ ከውስጥ አረንጓዴ ናቸው። ሙቀቱ እስኪገባ ማንም እንዳይነካቸው አለች፣ ቅጠላቸው ቢረግፍም ከግንዱ ያወጣሉ። እሷ ካለች አለቀ። እኔም እንኳን የማልከራከራት ሴት ናት።

አሁን አንድ ያልገባኝን ነገር እንዲያስረዱኝ በታላቅ ትህትና እለምናለሁ፤ ትምህርቴ ትንሽ ስለሆነ ነው። ሰሌዳው ላይ ያሉት አሥራ አራት ጥዶችና ማስጠንቀቂያው ላይ ያሉት አሥራ አራት ጥዶች አንድ ናቸው፣ ቆጥሬያለሁ። አረንጓዴ ሲሆኑ የጽሕፈት ቤቱ፣ ቡናማ ሲሆኑ የኔ የሚሆኑት በየትኛው ቀን ነው የዞሩት? የእርስዎ ከሆኑ የእንክብካቤ ጉድለቱም የእርስዎ ነውና ማስጠንቀቂያውን ወስደው ለራስዎ ይስጡ፣ ጆንያዬንም ይመልሱ። የኔ ከሆኑ ደግሞ በኔ ጥድ መሃል ያለው የኔ አባት ነውና ፎቶው ይውረድ። የቱም ቢሆን እኔ ይስማማኛል።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ለረጅም ዕድሜዎ፣ ለሹመትዎና መስኮትዎን ለሚሸፍነው ወፍራም መጋረጃ ያለኝን የላቀ አክብሮት እገልጻለሁ።

ክሪክ የሚባለው ጎሚስታ፣ ከአጥሩ ማዶ

ግልባጭ፦ ደረጃው ላይ ወረፋ ለያዛችሁ ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ሰሌዳዎ ላይ ልለጥፈው ፈልጌ ነበር፤ የአባቴ ጀርባ ቦታውን ስለያዘው ደረጃው መታጠፊያ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ እዛ የሚያነብ ሰው አይጠፋም። ሰኞ ጠዋት ሥራ አልገባም፣ ጥዶቹ አጠገብ ነው የምቆመው። ስለዚህ ሐሙስ ከምሳ በፊት፣ በዘበኛ አፍ ሳይሆን በጽሑፍና በማኅተም መልሱልኝ፦ የማን ናቸው?